ወረፋ መጠበቅ ቀን አያሳጣም፤ እምቢ ማለት ግን ያሳጣል

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች የደረሱን አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል እስር ቤት ዘመድ ካላቸው አንባቢዎች ነው። እስረኛው ወደ ማረሚያ ፕሮግራም የሚመራው እንዴት ነው? መሳተፉስ በምን ይቆጠርለታል? የሁሉም ጭንቀት ይኸው ነው። መልሶቻችን በፌዴራል ሕግ ለተፈረደበት ሰው ብቻ የሚሠሩ መሆናቸውን አስቀድመን እንናገራለን። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሌላ ግዛት ሕግ የታሰረ ሰው በዚያው ግዛት ደንብ ይተዳደራል። በዲሲ ሕግ የተፈረደበት ሰው ደግሞ የሚታሰረው በፌዴራል እስር ቤት ቢሆንም፣ ስለ ጊዜ ክሬዲት (በፕሮግራም በመሳተፍ ስለሚገኝ ቀን) የምንለውን የራሱ አድርጎ አይውሰደው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ተፈርዶበት እስር ቤት ከገባ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ለንዴት መቆጣጠሪያ ትምህርትና ለሌላ አንድ ክፍል ተመዝግበሃል ብለውት እስካሁን አልጠሩትም። አሁን ተስፋ ቆርጦ «ክፍል ሳልገባ ጊዜው እየሄደ ነው፣ ስሜን ቢሰርዙልኝ ይሻላል» ይላል። እውነት ቀኑ እየባከነበት ነው?
እህቱ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ስሙን እንዳያሰርዝ ዛሬውኑ ይንገሩት። ቀኑ የሚባክነው ካሰረዘ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2018 የጸደቀው ፈርስት ስቴፕ አክት፣ መብቱ ያለው እስረኛ በተመከሩለት ፕሮግራሞች በተሳተፈ በየ30 ቀኑ 10 የክሬዲት ቀን እንዲያገኝ ይፈቅዳል። የፌዴራል እስር ቤቶች ቢሮ በ2022 ባወጣው ደንብ መሠረት ተሳታፊ የሚባለው ክፍል የገባው ብቻ አይደለም። ምዘናውን ጨርሶ የተመከረለትን የተቀበለና ወረፋ ላይ ያለም ይቆጠርለታል። እስር ቤቱ በመዘጋቱ ወይም አስተማሪ በመጥፋቱ ክፍሉ ቢቋረጥ እንኳ፣ ጥፋቱ የእስረኛው ስላልሆነ በተለመደው አሠራር ቀኑ አይቆረጥበትም። የሚቆረጥበት እስረኛው ራሱ «አልፈልግም» ሲል ነው። እምቢታው በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ ዕለት ጀምሮም ቆጠራው ይቆማል። ሐሳቡን ቀይሮ ሲመለስ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል እንጂ በመሐል ያለፈው አይመለስም። እምቢ ማለት በራሱ የዲሲፕሊን ጥፋት ስላልሆነ ማንም ጠርቶ አይቀጣውም። ብዙ ሰው ጉዳቱን የሚያየው ከወራት በኋላ የክሬዲት ወረቀቱን ሲያገኝ ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ወንድምዎ ሌላም የሚያጣራው ነገር አለ። አዲስ እስረኛ ወደተመደበበት እስር ቤት በገባ በ28 ቀን ውስጥ የዩኒት ቲሙ ማለትም ኬዝ ማናጀሩ፣ ካውንስለሩና የዩኒቱ ኃላፊ ይመዝኑታል። ምዘናው ሁለት ነው። አንደኛው ፓተርን ይባላል፣ ዳግም ወንጀል ውስጥ የመግባት ሥጋቱን በአራት ደረጃ ያስቀምጣል፦ ሚኒመም፣ ሎው፣ ሚዲየም፣ ሃይ። ሁለተኛው የሚያስፈልገውን ነገር በ13 ዘርፍ ይለካል። ንዴት፣ መጥፎ ጓደኛ፣ አስተሳሰብ፣ የማንበብ ችግር፣ ትምህርት፣ ቤተሰብና ልጅ አስተዳደግ፣ ገንዘብ አያያዝ፣ ጤና፣ የአእምሮ ጤና፣ የዕረፍት ጊዜ አጠቃቀም፣ ሱስ፣ የደረሰበት የስሜት ጉዳትና ሥራ። ከእነዚህ የአንዳንዶቹን መጠይቅ የሚሞላው እስረኛው ራሱ ነው፣ ኢሜይል በሚጽፍበት በትሩሊንክስ ኮምፒውተር ላይ። አዲስ ገቢዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። መጠይቁ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ ሳይሞላ ይቀራል። እንግሊዝኛው ከበደው፣ ወይ «ይህ ለክስ ይውልብኛል» ብሎ ፈራ፣ ወይ ማንም አላስረዳውም፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ያልሞላ ሰው ምዘናውን እንዳልተቀበለ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎ መጀመሪያ መጠይቆቹ ሁሉ መሞላታቸውን ያረጋግጥ።

ቀጥሎ የሚመራበትን መንገድ ይወቅ። ኬዝ ማናጀሩ ፍላጎቱን ይመዘግባል እንጂ ክፍል የሚያስገባው እሱ አይደለም። ጂኢዲ (ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ጋር እኩል የሚቆጠር የምስክር ወረቀት) እና እንግሊዝኛ የትምህርት ክፍሉ ናቸው፣ የንዴትና የሱስ ፕሮግራሞች ደግሞ የሳይኮሎጂ ክፍሉ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ወረፋ አለው። አንዱ ጋ መመዝገብ ሌላው ጋ መመዝገብ ስላልሆነ ወንድምዎ እስረኞች ኮፕ አውት በሚሉት የጥያቄ ቅጽ ለየክፍሉ ለየብቻ ይጻፍ። ቅጹ ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ የጠየቀበትን ቀንና «በወረፋው ላይ መሆኔን አረጋግጡልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍር። መልሱን ሲያገኝ ቅጂውን ያስቀምጥ። የንዴት መቆጣጠሪያው 18 ሰዓት ብቻ የሚፈጅ ክፍል ነው፣ በሳምንት አንዴ እየተገናኙ በጥቂት ወራት ያልቃል። የሚያዘገየው በአብዛኛው የሰው እጥረት ነው። ጠባቂ ሲጎድል አስተማሪውና የሱስ አማካሪው ጥበቃ ላይ ይመደባሉ፣ የዕለቱ ክፍልም ይሰረዛል። ያሳዝናል፣ ግን ቀን አያስቆርጥም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 60 ወር ተፈርዶበታል። አንዱ 10 ቀን ይላል፣ ሌላው 15፣ ሌላው «አንድ ዓመት ብቻ ነው የሚቀነሰው» ይላል። እባካችሁ ሒሳቡን በግልጽ አስረዱን።
የሦስት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ሦስቱም ልክ ናቸው፣ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

መነሻው በየ30 ቀኑ 10 ነው። በሁለት ተከታታይ ምዘናዎች ሚኒመም ወይም ሎው ሆኖ የቆየ ሰው ተጨማሪ 5 ያገኝና 15 ይሆንለታል። የመጀመሪያው ምዘና በገባ በ28 ቀን ነው ብለናል፣ ከዚያ በኋላ በየ180 ቀኑ ይደገማል፣ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ደግሞ በየ90 ቀኑ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሎው የወጣ ሰው ወደ 15 የሚሸጋገረው በግምት በሰባተኛው ወር ነው። በእነዚያ ስድስት ሙሉ የ30 ቀን ዙሮች 60 ቀን ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ በ15 ሲሄድ በ21 ዙር 315 ይጨምራል። ድምሩ 375 ነው፣ የፈጀውም ወደ 27 ወር። ዙሩ 30 ሳይሞላ ክሬዲት አይሰጥም።

«አንድ ዓመት ብቻ» የሚባለው ክሬዲቱ ሲሠራ ነው። ከተሰበሰበው እስከ 365 ቀን ድረስ ያለው የእስሩን መጨረሻ ወደፊት አምጥቶ ሱፐርቫይዝድ ሪሊስ የሚባለውን ክትትል ቀድሞ ያስጀምራል። ይህ የሚሆነው ዳኛው በፍርዱ ውስጥ ያንን ክትትል ካዘዙ ነው፣ ስለዚህ የፍርድ ወረቀቱን አውጥተው ይመልከቱ። ከ365 በላይ የተረፈው ክሬዲትም አይጠፋም፣ ወደ ሃፍዌይ ሃውስ (ከእስር ወደ ኅብረተሰቡ መሸጋገሪያ መኖሪያ) ወይም ወደ ቤት እስር ቀድሞ ለመዛወር ያገለግላል። ለመልካም ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን የሚቀነሰው ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሒሳብ ነው፤ ለ60 ወር ፍርድ እስከ 270 ቀን ይደርሳል። ሁለቱን አንድ አድርገው አይቁጠሩ።

ባለቤትዎ ሚዲየም ወይም ሃይ ከሆነም ክሬዲቱን ይሰበስባል፣ ሊጠቀምበት የሚችለው ግን ደረጃው ሲወርድ ነው። አለበለዚያ ለዋርደኑ ማለትም ለእስር ቤቱ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረብ አለበት፣ በአቤቱታውም ሦስት ነገር ይታያል፦ ለኅብረተሰቡ አደጋ አለመሆኑ፣ በፕሮግራሞች ሥጋቱን ለመቀነስ ከልቡ መጣሩ፣ ወደ ወንጀል ይመለሳል ተብሎ አለመገመቱ። ከፓተርን ነጥቦች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የቀድሞ የወንጀል ታሪክ፣ አይለወጡም። ዕድሜ በራሱ ጊዜ ይሠራለታል። በእጁ ያሉት ከዲሲፕሊን ክስ ርቆ መቆየት፣ ፕሮግራሞችን መጨረስ፣ ጂኢዲና የሱስ ሕክምና ናቸው። መጨረስ ስንል አጠናቆ በመዝገቡ ላይ መስፈሩን ነው፣ ገብቶ ያቋረጠው አይረዳውም። በየምዘናው «የፈርስት ስቴፕ አክት የጊዜ ክሬዲት ወረቀቴን አትማችሁ ስጡኝ» ይበል። ወረቀቱ ላይ የተቆጠሩትና ያልተቆጠሩት ቀኖች ለየብቻ ከነመጀመሪያና መጨረሻ ቀናቸው ይታያሉ። ስህተት የሚገኘው ያልተቆጠሩት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጥፋቱን አምኗል፣ ፍርዱን እየጠበቀ ነው። የፕሮቤሽን መኮንኗ ስለ መጠጥና ስለ ሱስ ትጠይቀዋለች ብለውናል። እኔና አባቱ «መጠጡንም ጫቱንም አትናገር፣ ይባስ ያስፈርድብሃል» ብለነዋል። ልክ ነን?
እናት፣ ከዳላስ

መልስ፦ እናታችን፣ የልጅዎን ስም ለመጠበቅ እንደሆነ ይገባናል፣ ነገር ግን ይህ ምክር ልጅዎን እስከ አንድ ዓመት ሊያስከፍለው ይችላል። ዛሬውኑ ከጠበቃው ጋር ይነጋገሩበት።

መኮንኗ የምትጽፈው የቅድመ ፍርድ ሪፖርት ለዳኛው ብቻ የሚቀርብ ወረቀት አይደለም። ልጅዎ እስር ቤት ሲገባ የኬዝ ማናጀሩም፣ የሳይኮሎጂ ክፍሉም፣ የትምህርት ክፍሉም መነሻ ያው ሪፖርት ነው። በውስጡ ያልተጻፈ ሱስ በኋላ «አለብኝ» ቢሉት የሚያምን አይገኝም።

አር-ዳፕ የሚባለው ትልቁ የሱስ ሕክምና ፕሮግራም 500 ሰዓት ነው፣ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ተሳታፊዎቹ ከሌሎች እስረኞች ተለይተው በአንድ ክፍል ይኖራሉ፣ ግማሽ ቀን ሕክምና፣ ግማሽ ቀን ሥራ ወይም ትምህርት። ወንጀሉ ጉልበት ያልነበረበት ሰው በሚገባ ሲያጠናቅቅ ሕጉ እስከ 12 ወር እንዲቀነስለት ይፈቅዳል። ልኩ በፍርዱ ይወሰናል፦ 30 ወርና ከዚያ በታች ለተፈረደበት እስከ 6 ወር፣ ከ31 እስከ 36 ወር እስከ 9፣ 37ና ከዚያ በላይ እስከ 12። ይህ ከጊዜ ክሬዲቱ በተጨማሪ ነው። ለመግባት ግን ከመታሰሩ በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥ ሱሱ እንደነበረበት የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ዋናው ማስረጃ የቅድመ ፍርድ ሪፖርቱ ነው። እዚያ ከሌለ በዚያን ጊዜ ያከመው ሐኪም ወይም የሱስ ሕክምና ድርጅት የሚሰጠው የሕክምና መዝገብ ያስፈልጋል። የቤተሰብ ደብዳቤ፣ የቄስ ደብዳቤ፣ የጎረቤት ምስክርነት ለዚህ አይጠቅምም።

የአልኮል ሱስም ይቆጠራል። ጫትን በተመለከተ ደግሞ፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው፣ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያም ጫትን ከአነቃቂ ንጥረ ነገሮች ጋር ይመድበዋል። ሆኖም መቃም ብቻውን በሽታ አይባልም። መኮንኗም ሆነች በኋላ በእስር ቤት የምታነጋግረው ባለሙያ የሚያዩት ልማዱ ሥራውን፣ ገንዘቡን፣ እንቅልፉን፣ ቤተሰቡን ምን እንዳደረገበት፣ ለማቆም ሞክሮ አቅቶት እንደሆነ ነው። ስለዚህ በሳምንት ስንት ቀን፣ ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከመጠጥ ጋር ወይስ ያለ መጠጥ የሚለውን በትክክል ይናገር። ጫትን የማታውቅ መኮንን «ቅጠል ያኝካል» ብላ ልታልፈው ስለምትችል ጠበቃው አስቀድሞ ያስረዳት።

የሌለውን ሱስ ግን አይፍጠር። ለፌዴራል መኮንን መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ረቂቅ ሪፖርቱ ከፍርዱ ቢያንስ 35 ቀን በፊት ይሰጣል፣ በደረሰ በ14 ቀን ውስጥም በጽሑፍ መቃወም ይቻላል። የሱሱ ክፍል የተሳሳተ ወይም የተዘለለ ከሆነ በዚያ 14 ቀን ውስጥ ይታረም። የትምህርት ደረጃው፣ የሥራ ልምዱና የሚናገረው ቋንቋም እዚያው ይስተካከል። ሰው ከተፈረደበት በኋላ ሪፖርቱን ማስለወጥ እጅግ ከባድ ነው።

ሌላ ማወቅ ያለብዎት፣ አር-ዳፕ ለመግባት ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 24 ወር የሚቀረው እስር ያስፈልጋል፣ ወረፋውም ቀድሞ ላመለከተ ሳይሆን መውጫው ለቀረበ ነው የሚያደላው። ስለዚህ እስር ቤት እንደገባ ሳይጠራ መቆየቱ አያስደንግጥዎት። ሆኖም ማመልከቻውን ለሱስ ፕሮግራም አስተባባሪው ቀደም ብሎ ያስገባ። ከእስር ቤቱ ክፍል በኋላ ደግሞ በሃፍዌይ ሃውስ ሆኖ የሚከታተለው ሕክምና አለ፣ ያንን ያልጨረሰ ሰው ፕሮግራሙን እንዳጠናቀቀ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ግሪን ካርድ አለው። አይስ (የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት) ዲቴይነር አስቀምጦበታል። አብረውት የታሰሩት «አንተ ምንም ክሬዲት የለህም» ስላሉት ክፍል መግባት ትቷል።
ባለቤቱ፣ ከአትላንታ

መልስ፦ የተነገረው ስህተት ነው፣ በስህተቱም ላይ ቀን እየጠፋበት ነው።

ሕጉ ክሬዲቱን እንዳይጠቀም የሚከለክለው የመጨረሻ የመባረር ትእዛዝ ያለበትን ሰው ነው። ዲቴይነር ሌላ ነገር ነው፤ አይስ «ስትለቁት አሳውቁኝ» የሚልበት ወረቀት ነው። ቢሮው ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ ዲቴይነር ብቻ ያለበትን ሰው ክሬዲቱን በመጠቀም አይከለክልም። የመባረር ትእዛዝ ያለበት እንኳ ሊሰበስብ ይችላል፣ ሊጠቀምበት አይችልም እንጂ፤ ነገ ትእዛዙ ቢሻር የሰበሰበው ይጠብቀዋል። ስለዚህ ባለቤትዎ ዛሬውኑ ለኬዝ ማናጀሩ «በሁሉም የተመከሩልኝ ፕሮግራሞች እሳተፋለሁ» ብሎ በኮፕ አውት ይጻፍ።

አሁን ዋናውን እንንገርዎ። በእስር ላይ እያለ የኢሚግሬሽን መኮንኖች መጥተው የሚፈረም ወረቀት ሊያቀርቡለት ይችላሉ። ያለ ችሎት ለመባረር መስማማት የሚል ወረቀት ከፈረመ ዳኛው የመጨረሻ ትእዛዝ ይሰጡበታል፣ የሰበሰበው ክሬዲት ሁሉ በአንድ ፊርማ ዋጋ ያጣል። አንዳንድ የፌዴራል እስር ቤቶች ውስጥ የኢሚግሬሽን ችሎትም ይካሄዳል፤ እዚያ ከተጠራ ጠበቃ እንዲያገኝ ቀጠሮ ይጠይቅ። ያላነበበውን፣ ያልተተረጎመለትን ወረቀት አይፈርም። አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው።

አር-ዳፕ ላይ ግን ዲቴይነር እውነተኛ እንቅፋት ነው። ወደ ሃፍዌይ ሃውስ መውጣት የማይችል ሰው የፕሮግራሙን የመጨረሻ ክፍል ማጠናቀቅ ስለማይችል ቅነሳውን አያገኝም። አጭሩን፣ እስር ቤት ውስጥ በሳምንት አንዴ የሚሰጠውን የሱስ ሕክምና መጠየቅ ይችላል፣ ይህኛው በጥቂት ወራት የሚያልቅ ሲሆን ለፓተርን ነጥቡም ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ አጎቴ ኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል ጨርሷል፣ እስር ቤት ግን ጂኢዲ ክፍል ግባ እያሉት ነው። እንግሊዝኛም ተማር ብለውታል። ንቀት መስሎት ተቆጥቷል።
የወንድም ልጅ፣ ከሲያትል

መልስ፦ ንቀት አይደለም፣ በፋይሉ ላይ ማስረጃ የለም ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ያልተረጋገጠለት እስረኛ ጂኢዲ እስኪያገኝ ወይም ቢያንስ 240 ሰዓት እስኪማር ድረስ ክፍል እንዲገባ ይጠበቃል። በዚህ ላይ በቂ እርምጃ ያላሳየ ሰው ለመልካም ጠባይ የሚቀነስለት በዓመት ከ54 ቀን ወደ 42 ይወርዳል። ስለዚህ ተቆጥቶ መቅረት አያዋጣውም፣ ማስረጃው እስኪመጣ ገብቶ ይቀመጥ።

ማስረጃውን ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው። ከተማረበት ትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕት አውጡ፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤቱን ደግሞ አዲስ አበባ ካለው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት አረጋግጡ። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ካለ በባለሙያ ይተርጎም። ከመላካችሁ በፊት አጎትዎ የትምህርት ክፍሉን በኮፕ አውት ይጠይቅ፦ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ እንዲላክ ይፈልጋሉ ወይስ ከቤተሰብ ይቀበላሉ? በስሙ ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት ቢኖር እንኳ አብራችሁ አስረዱ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚጻፍበት አገር ነውና ፋይሉ ላይ ያለው ስምና ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው አልገጥም ብሎ የሚመለስ ብዙ ነው።

እንግሊዝኛው የተለየ ግዴታ ነው። እንግሊዝኛ የማይበቃው እስረኛ 8ኛ ክፍል ደረጃ እስኪደርስ እንዲማር ሕጉ ያዛል። ደረጃው የሚለካው በፈተና ስለሆነ፣ ዲፕሎማ ቢኖረውም ፈተናውን ማለፍ አለበት። ፈተናውን ሲወስድ ተናዶ እንዳይሞላ ምከሩት። ባዶ የተተወ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ይሆንና ለወራት ያስቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሁለት ወር ለብቻ ታስሮ ነበር። ሲወጣ ወረቀቱ ላይ የአራት ወር ቀን ተቆርጦ አየ። ለማን ነው አቤት የሚለው?
ወንድሙ፣ ከዴንቨር

መልስ፦ በዲሲፕሊን ቅጣት ለብቻ የታሰረበት ጊዜ አይቆጠርም። ውጭ ሆስፒታል የተኛበት፣ ለፍርድ ቤት ወደ ሌላ እስር ቤት ወይም ወደ ሌላ አካል የተወሰደበት ጊዜም ላይቆጠር ይችላል። ጥፋተኛ የተባለበት ክስ ከባድ ከሆነ ደግሞ የሰበሰበው ክሬዲት በቅጣት ይወሰዳል፣ ከፍተኛ በሚባሉት ጥፋቶች በአንድ ክስ እስከ 41 ቀን። በቅጣት የተወሰደ ክሬዲት ሊመለስ የሚችለው ቢያንስ በሁለት ተከታታይ ምዘናዎች ያለ ክስ ሲቆይ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ወር ሁለቱ በቅጣት የታሰረበት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱን ግን ማስረዳት ያለበት እስር ቤቱ ነው። ወደ ቅጣት ከመግባቱ በፊት ምርመራ ላይ ሆኖ የጠበቀበት ጊዜ አብሮ ተቆርጦ እንደሆነ ይመልከት። ከወጣ በኋላ ወደ ወረፋው ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነም ይጠይቅ፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት ነው።

የአቤቱታው ደረጃ ይህ ነው። መጀመሪያ ቢፒ-8 በሚባለው የአቤቱታ ቅጽ ከዩኒቱ ጋር ለመስማማት ይሞክራል። ካልሆነ ቢፒ-9ን ለዋርደኑ ያስገባል፣ ጉዳዩ ከተፈጠረ ወይም ካወቀው በ20 ቀን ውስጥ። የቢፒ-8ን መልስ ሲጠብቅ ይህ 20 ቀን የሚያልፍበት ብዙ ነውና ቀኑን ይቁጠር። ዋርደኑ በ20 ቀን ይመልሳል። ካልተስማማ በ20 ቀን ውስጥ ቢፒ-10ን ለአካባቢው ቢሮ ይልካል፣ እነሱ 30 ቀን አላቸው። ቀጥሎ በ30 ቀን ውስጥ ቢፒ-11ን ወደ ዋሽንግተን፣ የመልሱ ጊዜ 40 ቀን ነው። ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ ተራዝሞም መልስ ካልመጣ እንደ እምቢታ ተቆጥሮ ወደሚቀጥለው መሄድ ይቻላል። በአንድ ቅጽ አንድ ጉዳይ ብቻ ይጻፍ። «ክሬዲቴን በላችሁብኝ» ከማለት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለው እምቢተኛ ተብሎ ተመዝግቧል፣ እኔ እምቢ አላልኩም፣ የኮፕ አውቴ ቅጂ ተያይዟል» ማለት ይሻላል። ይህን መንገድ ሳይጨርስ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ አቤቱታው ሳይታይ ይመለስበታል። ከጨረሰ በኋላ በታሰረበት አውራጃ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሃቢያስ አቤቱታ (የእስሩን ሕጋዊነት ፍርድ ቤት እንዲመረምር የሚጠየቅበት) ማስገባት ይችላል፣ የመመዝገቢያው ክፍያ 5 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደውዬ ባለቤቴን ፕሮግራም ላስመዘግበው እችላለሁ?
ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ አይችሉም፤ ጠያቂው እሱ ራሱ መሆን አለበት። እሱ በፊርማው ካልፈቀደ ኬዝ ማናጀሩ ስለ ፋይሉ አይነግርዎትም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የፈቃድ ቅጽ ይፈርም። የእርስዎ ድርሻ የሕክምና መዝገብ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ማስረጃ መሰብሰብና ቀኖቹን በማስታወሻ መያዝ ነው። የ180 ቀን ምዘናው ሲቃረብ ያስታውሱት፣ ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለት ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከዕፅ ክሱ ጋር የመሣሪያ ክስም ነበረበት። ክሬዲት አይገባህም ተባለ። ታዲያ ፕሮግራም ምን ያደርግለታል?
አባት፣ ከኮሎምበስ

መልስ፦ በዕፅ ወይም በጉልበት ወንጀል ወቅት መሣሪያ በመያዝ የሚከሰሱበት አንቀጽ 924(ሐ) ሕጉ ክሬዲት ከሚከለክልባቸው ረጅም ዝርዝር ውስጥ አለ። ከሌላ ክስ ጋር ተደምሮ ቢፈረድም ቢሮው ጠቅላላውን ፍርድ እንደ አንድ ስለሚቆጥር በዕፁ ክስ በኩል እንኳ አያገኝም። ይህን በአቤቱታ ለማስቀየር የሞከሩ ብዙዎች አልተሳካላቸውም።

ግን ፕሮግራም የሚገባ ሰው በወር እስከ 510 የስልክ ደቂቃ ሊያገኝ ይችላል፣ ወደ ቤተሰቡ አቅራቢያ ወዳለ እስር ቤት ለመዛወር ሲጠይቅም ይታይለታል። ጂኢዲው የመልካም ጠባይ ቀኑን ይጠብቅለታል። ሊወጣ ሲል ወደ ሃፍዌይ ሃውስ የሚላክበት ጊዜ፣ በሌላ ሕግ እስከ 12 ወር የሚደርሰው፣ ሲወሰን የዩኒት ቲሙ የሚያየው የተሳትፎ መዝገቡን ነው። ከመሣሪያ ክሱ የተነሳ የአር-ዳፕ ቅነሳውን ቢያጣም ሕክምናውን ራሱ መውሰድ ይችላል። ሱስ ካለበት፣ አባታችን፣ ለዚህኛው ይግፉት። ቀን ባይቀነስለትም የሚወጣው ወደ እናንተ ቤት ነው።